ባለ ሦስት እግሩ ላኪና ሰብሳቢ

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ዲላ ውስጥ ሳይንስ አስተምር ነበር። ከክፍል ስወጣ ሥራዬ ራዲዮ መገጣጠም ነው፤ ሥራ ካሉት። ከገጣጠምኳቸው ውስጥ አፉን የፈታ አንድም ራዲዮ አልነበረም። ይህም ሆኖ ከተማውን ሁሉ «ራዲዮ እሠራለሁ» እያልኩ አሰለች ነበር።

ጉራዬ መዘዝ ያመጣብኝ ታች ክፍል የምታስተምር አንዲት ልጅ ስወድ ነው። አባቷ የታወቁ ቡና ሰብሳቢ ናቸው፤ ከገበሬው ቡና እየገዙ አዲስ አበባ ላለ ላኪ ያስረክባሉ፣ ላኪው ደግሞ በመርከብ ወደ ባሕር ማዶ ይልከዋል። ሰውየው አስተማሪ አይወዱም፤ ወሬ እንጂ ሙያ የለውም ባይ ናቸው። ሽማግሌ ልልክ ማሰቤን ሲሰሙ አስጠሩኝና፣ ሠራሁት የምትለውን ራዲዮ በመጪው የገበያ ቀን ይዘህ ና አሉኝ። ከተናገረ ሽማግሌዎቼን ሊቀበሉ፣ ካልተናገረ ደጃቸውን ላልረግጥ ተስማማን። ተስማማን ስል እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ።

የራዲዮው ነፍስ ሽምብራ የሚያካክሉ ሁለት ትራንዚስተሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለ ሦስት እግር። መጽሐፌ የፈረንጅ ስለሆነ እግሮቹን በአማርኛ ሰየምኳቸው። አንዱን ላኪ፣ አንዱን ሰብሳቢ፣ መሐል ሆኖ የሁለቱን ንግድ የሚቆጣጠረውን ዳኛ አልኩት። በትርጉሜ በጣም ስለኮራሁ የመጽሐፉን ሥዕል መልሼ ማየት የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም። ቡና መጀመሪያ ሰብሳቢ ዘንድ ገብቶ በላኪ በኩል እንደሚወጣ ዲላ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ከባትሪው የሚመጣውን የፖዘቲቭ ሽቦ ሰብሳቢው እግር ላይ በየድኩት።

ራዲዮው ጭጭ አለ። ትራንዚስተሮቹ ተቃጥለዋል ብዬ ሌሎች ሁለት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር አስመጣሁ። እነሱም ጭጭ። ባትሪውን በምላሴ ነካሁት፤ አስፈነጠረኝ፣ ደህና ነው። የድምፅ ማውጫውን ሽቦ ስነካካው ይንኳኳል፣ እሱም ደህና ነው። ጥፋተኛ ሆነው የቀሩት ትራንዚስተሮቹ ብቻ ናቸው። እነሱን ሰደብኩ፣ የሸጠውን ነጋዴ ሰደብኩ፣ ምንም የማያውቀውን ሹፌር ሳይቀር ሰደብኩ። ራሴን ብቻ ዘነጋሁ።

በገበያው ቀን ተስፋዬን ሦስተኛ ጥንድ ላይ ጥዬ ሄድኩ። አባትየው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው በሩን ተደግፋ ቆማለች። ማብሪያውን ጠመዘዝኩ። «መምህር፣ ለምንድነው ዝም ያለችው?» አሉኝ።

የተበላሸ ዕቃ ሸጠውልኝ ነው ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩና እግሮቹን እያሳየሁ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰብሳቢ የሚባል እግር መኖሩን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ከላኪው ይቀድማል ስላቸውማ፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሰው ያውቃል አሉ።

ልጅቷ ጠጋ አለችና መጽሐፉን የጻፈው ሰው የት አገር እንደሚኖር ጠየቀችኝ። ባሕር ማዶ ነው አልኳት።

«እንግዲያስ ለእሱ ቡናው የሚነሣው ከላኪው ነው» አለች። «ሰብሳቢውም እዚያ ሆኖ የተላከለትን የሚቀበል ነው።»

ደሜ ፈላ። ሳይንስ አስተማሪው እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ግን፣ ላሳፍራት ብዬ፣ መጽሐፉን ከኪሴ አውጥቼ ሥዕሉን ገለጥኩ። ፖዘቲቩ የተቀጠለው ላኪው እግር ላይ ነው። መፍቻዬን መሬት ላይ ወረወርኩ፣ ሰው ሲያየኝ አፍሬ አነሣሁት፣ ከዚያም መበየጃ ብረቴን በምድጃቸው ከሰል አግዬ ሁለቱንም ትራንዚስተሮች ገለበጥኳቸው። ጥፋት የሌለባቸውን ስንቱን ጥዬ ኖሯል!

ማብሪያውን ስጠመዝዝ አንድ ሰው ስለ ከብት በሽታ ማስረዳት ጀመረ። በሕይወቴ ያን የመሰለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አባትየው በሽታው ሁሉ ተዘርዝሮ እስኪያልቅ በአክብሮት አዳመጡ፤ ከዚያ ማን እንደሠራው ጠየቁኝ።

«ልጅዎ ናት» አልኩ።

ሳቃቸው አልቆም አለ። እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ይምጡ አይምጡ የምትወስነው እሷ ናት ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በአባቷ ፊት እንዲህ ስትጠየቅ አይቼ አላውቅም። ፈራሁ።

እሷ ጎንበስ ብላ የራዲዮውን ድምፅ ቀነሰችው።

«ይምጡ አባዬ» አለች። «ሲነግሩት ይቆጣል፤ ግን ይሰማል።»