የግማሹ በር ብሩሽ

ይህ ብሩሽ በዕድሜ ልጄን ይበልጣል። ባለፈው ቅዳሜ የበረንዳውን ብረት ቀብቼ ስጨርስ ባኞ ቤት ቁጭ ብዬ በሳሙና ሳሸው፣ ልጄ በሩ ላይ ቆማ "እማ፣ አዲስ መግዛት አይሻልም? ሽታው ደግሞ!" አለችኝ። አዲስማ ሞልቷል። የዛሬ ቀለም ቀቢ ሥራውን ሲጨርስ ብሩሹን በፌስታል ጠቅልሎ ይጥለዋል፤ አልፈርድበትም። ትዝታ በተባለ ቁጥር እንባ የሚቀድማቸው ሰዎች አሉ፣ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ብቻ ቀለምና ላምባ አንድ ላይ ከሸተተኝ ኮልፌ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጥፍሬም ሰማያዊ ነው።

ቤታችን ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ፣ በሩ ቀጥታ ወደ መንገድ የሚከፈት የጭቃ ቤት ነበር። አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቀበሌው ለአብዮት በዓል መንገድ ዳር ያለ በር ሁሉ ይቀባ ብሎ አዘዘ። አባባ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠሩት፤ አንድ ጣሳ ሰማያዊ ዘይት ቀለምና አንድ ብሩሽ ይዘው መጡ። መቀባቱ የወንድሜ የሽመልስ ድርሻ ሆነ። ሽሜ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ጎረምሳ ነበር፤ ሥራ ሲሠራ ያፏጫል፣ ሲያፏጭ ደግሞ ሥራውን ይረሳል። እኔ ከሥሩ ቆሜ ጣሳውን ይዤ ነበር።

ከላይ ጀምሮ በሩን እስከ ወገቡ እንደቀባ ሁለት የቀበሌ ሰዎች መጡ። ስም ለማጣራት ነው፣ አሁን ትመለሳለህ አሉት። "ይቺን ልጨርስና" አለ። ተመልሰህ ትጨርሰዋለህ አሉት። ሽሜ እጁን በሱሪው ጠረገና ብሩሹን ለእኔ ሰጠኝ። "እንዳይደርቅ ላምባ ውስጥ ክተቺው። መጣሁ!" አለኝ። ቀለም የነካው ሸሚዙን እንኳ አልቀየረም። በዚያው ሳምንት ለብሔራዊ ውትድርና ተጭኖ ሄደ፤ ወደ የት እንደሆነ የነገረን የለም።

በበዓሉ ዋዜማ አንድ የአብዮት ጠባቂ በሮቹን እያየ መጣ። የእኛ ጋ ሲደርስ ቆመ። "ጓዲት፣ ይሄ በር ምንድነው? ግማሹ ቀረ'ኮ!" አላት እማዬን። እማዬ ጠባይዋ ደህና ነው፣ አፏ ግን ልጓም አያውቅም። "ቀቢውን ወስዳችሁት እኔ ምን ላድርግ? መልሱልኝ፣ ዛሬውኑ ይጨርሰዋል" አለችው። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ይታሰር ነበር። ሰውዬው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ "ሁለተኛ እንዳይደገም" ብሎ ሄደ። ምኑ እንዳይደገም እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አባባ ማታ ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። "አፍሽ አንድ ቀን ያስበላናል። ዝም አይነቅዝም!" አሏት። ይቺ ዝም አይነቅዝም የዘወትር ተረታቸው ነበረች። እማዬ ግን ቃሏን ሰጥታ ነበርና በሩን ማንም እንዳይነካው አለች። ቀሪውን ግማሽ የጀመረው ይጨርሰዋል። መጣሁ ብሏል፣ ይመጣል፤ ሲመጣም ብሩሹን ለስልሶ ያገኘዋል። የማለስለሱ ሥራ የእኔ ሆነ፣ ሽሜ አደራ ያለው እኔን ነዋ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ብሩሹ በእጀታው ቀዳዳ ሚስማር ተሰክቶለት የወተት ጣሳ አፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ፀጉሩ የጣሳውን ወለል ከነካ ይጣመማልና። እሑድ እሑድ አወጣውና በጣሳው ጠርዝ ጨምቄ፣ ፀጉሩን በጣቶቼ አበጥሬ፣ አዲስ ላምባ እጨምርለታለሁ። ጓደኞቼ ደጅ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እኔ ብሩሽ አበጥራለሁ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰልፍ ላይ ጥፍር ሲታይ መምህሯ በማስመሪያ ጣቴን ይሉኛል። "ቀለም ነው ቲቸር" እላለሁ። "ባለፈው ሳምንትም ቀለም ነበር!" ይላሉ። በምን ላስረዳቸው።

አሮጌውም ላምባ አይደፋም ነበር። ቀለሙ እስኪዘቅጥ ይቀመጥና ጥሩው ከላይ ተቀድቶ ወደ ቡታጋዙ ይገባል። ሽሮው ቀለም ቀለም ይሸታል። አባባ አንድ ጉርሻ ወስደው "ዛሬ ደግሞ በሩን ነው የምንበላው?" ይላሉ። ላምባ ያኔ የሚገኘው በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው፤ ወረፋው የሚያዘው ጎህ ሳይቀድ፣ በጀሪካን ሰልፍ። የሚሰለፉት አባባ ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጋራዥ የሚገቡት። ስለዚህም ያጉረመርማሉ። "ለሰው የጠፋ ላምባ ለብሩሽ! እጠቡትና አስቀምጡት፣ ሲመጣ ታወጡታላችሁ" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የታጠበ ብሩሽ ዓመትም ይቀመጣል። እማዬ ግን አትሰማም። መንገደኛ ወጥቶ ቤት የሚጠረግበት አገር የት ታየ ትላለች። ብሩሽ የሚታጠበው ሥራ ሲያልቅ ነው፤ ሥራው መች አለቀ?

ሁለት ዓመት ተኩል ነው የተባለው ውትድርና ሁለት ዓመት ተኩሉን አልፎ ዝም አለ። ከሽሜ ጋር የሄደው የጎረቤታችን ልጅ መርዶ መጣ፤ ድንኳን ተተከለ። እማዬ ለቅሶ ቤት ውላ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ጣሳውን ከፍታ አየች። "ላምባው ጎድሏል" አለችኝ፣ ያውም በቁጣ። ሰፈሩ ቤታችንን "ግማሽ በር" ብሎ ጠራው። ልጅ ዳቦ ግዛ ብሎ የሚልክ ሰው "ከግማሽ በር ቀጥሎ ያለው ሱቅ" ይል ነበር። ሰማያዊው ግማሽ እየደበዘዘ፣ ያልተቀባው ጣውላ እየጠቆረ ሄደ።

አባባ በሁለተኛው ክረምት ማጉረምረማቸውን ድንገት ተዉ። እንደ ወትሮው ይሰለፋሉ፣ ጀሪካኑን ያመጣሉ፣ ከእሱ ላይ በጠርሙስ ቀድተው ያለ አንድ ቃል ብሩሹ ጣሳ አጠገብ ያስቀምጣሉ። "አባትሽ ለመደው" አለች እማዬ።

ሽሜ የመጣው መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ነው፤ በሰኔ ዝናብ፣ በእግሩ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፣ አላወቅኩትም። ኮልፌ ውስጥ ያን ሰሞን እግሩ ያበጠ፣ ቁራሽ የሚለምን ወታደር በየደጁ ነበር። በራችን ፊት ቆሞ ቀና ብሎ ሲያይ፣ ዳቦ ላመጣለት ወደ ቤት ዞርኩ። "አልጨረሳችሁትም እንዴ?" አለ። ያኔ ጮህኩ። እማዬ ከጓዳ በባዶ እግሯ ወጥታ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የዚያን ቀን የሆነውን መጻፍ አልችልበትም፤ ደስ አለን፣ በቃ።

አንድ ሳምንት በልቶና ተኝቶ ሲነሳ እማዬ ጣሳውን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። "በል፣ ጨርስ" አለችው። ሽሜ ብሩሹን አውጥቶ ፀጉሩን በአውራ ጣቱ ሞከረው፤ እንደ ድመት ጭራ ለስላሳ ነበር። አየኝና ሳቀ፤ ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያኔ ገና አየሁት። ከዚያ የቀለሙን ጣሳ ከአልጋ ሥር ጎትቶ ክዳኑን በቢላዋ ፈልቅቆ ከፈተና ቢላዋውን ሰደደ። ቀለሙ ኳ! አለ።

ድንጋይ ሆኗል። ያን ሁሉ ጊዜ ብሩሽ ስናለሰልስ፣ ስናበጥር፣ ላምባ ስናጠጣ፣ ለካ ቀለሙን ዞር ብሎ ያየው የለም! እማዬ እኔን አየችኝ፣ እኔ ሽሜን አየሁት። አባባ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስሩ ነበር። ቀና ሳይሉ "እሱማ በሁለተኛው ክረምት ነው የደረቀው። ቤቱ ሲያፈስ ከአልጋው ሥር ሳወጣው ከፍቼ አየሁት" አሉ።

"አንተ ሰውዬ! ታውቅ ነበር?" አለች እማዬ።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ አትነግረኝም?"

አባባ ክሩን አጥብቀው ቋጠሩ። "ብነግርሽ ብሩሹን ታጥቢው ነበር" አሉ።

ሽሜ ውኃ አሙቆ፣ ሳሙና ይዞ፣ ግቢ ወጥቶ ብሩሹን አጠበው። ሰማያዊው ውኃ ወደ ቦዩ ሲወርድ፣ እማዬ አጠገቡ ቆማ ነጭ እስኪሆን ድረስ አየችው።

በሩ ሳይጨረስ ኖሮ ለመንገድ ሲባል ከቤቱ ጋር ፈረሰ። አባባም እማዬም አሁን የሉም። ሽሜ አያት ሆኗል፣ ዛሬም ሲሠራ ያፏጫል። የእኔ ዘመን ሰዎች ያኔ ዝም የምንለው በፍርሃት ነበር ይላሉ፤ አልዋሹም። ዛሬ ፍርሃቱ ቀሏል፤ አንዱ ጋ ክፉ ወሬ ከተሰማ፣ ቡና ሳይፈላ በስልክ ሁሉም ቤት ይደርሳል። ይሻላልም። የአባባን ዝምታ ግን ከፍርሃት ልቁጠረው ወይስ ከሌላ ነገር፣ ግራ ይገባኛል።

ይህን ሁሉ ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ለልጄ ነገርኳት። ስልኳን አስቀምጣ ነበር።

"አያቴ እያወቁ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም አሏት?" አለችኝ።

"ዝም አሏት" አልኳት። "ለላምባው እየተሰለፉ።"