ድክመት የሌለው ዳይኖሰር

ዳይኖሰሩን መጀመሪያ ስሠራው ክፉ አልነበረም። ለክፋቱ ተጠያቂው ፍራሽ ነው።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ባለው ግቢያችን ከማንጎው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አውጥተን የተረት ጨዋታ እንጫወታለን። ተራኪዋ እኔ ነኝ፤ አገሩንም አውሬውንም የምፈጥረው እኔ ነኝ። ሌሎቹ አንዳንድ ጀግና ይዘው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ደግሞ ዕጣ ይወስነዋል። ለዚህ የሚንከባለለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ጎን ዳይስ የሚባለው ነገር አርባ ምንጭ ገበያ ስለማይገኝ፣ ቆርኪዎች ላይ ቁጥር ጽፈን ከከረጢት እናወጣለን። እናቴ ቤተ ክርስቲያን የምታገለግል ሴት ናትና ከረጢቱን ባየች ቁጥር "ቁማር እንዳይሆን ብቻ!" ትላለች።

"ብር የለበትም እማዬ።"

"ብር የሌለው ቁማርማ የባሰ ሞኝነት ነው።"

ተጫዋቾቼ ሁለት ናቸው። አንዱ የውሃ ምህንድስና ተምሮ ሥራ እየፈለገ ያለ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሥራው ባይገኝም እኛ መሃንዲሱ እንለዋለን። ሌላዋ ጓደኛዬ ናት። ከደሴ ለዩኒቨርሲቲ መጥታ ግቢያችን ውስጥ ክፍል ተከራየች፤ ተመርቃም አልሄደችም። እሷ የኔን ልብስ፣ እኔ የሷን እየለበስን፣ እናቴ እንኳ ከኋላ ስታየን ስማችንን እያቀያየረች ትጠራን ነበር።

እንግዲህ ዳይኖሰሩ። ሰው ሁሉ "አዞ አለልሽ አይደል፣ እሱን አግዝፊው" አለኝ። አዞማ ለቱሪስት ነው! እኔን የማረከኝ ከጓደኛዬ ጋር ዶርዜ ወጥተን ያየነው ቤት ነው፤ ከቀርከሃ ተሸምኖ ከፊቱ አፍንጫ የወጣለት ያ ረጅም ቤት። ወረቀት ላይ ሳልኩትና አራት እግር አበጀሁለት፣ በእንሰት ቅጠል የተከደነ የሚመስል ቆዳ አለበስኩት፣ የጉማሬ ድምፅ ሰጠሁት። ስሙንም ጎጆ-ጀርባ አልኩት። ምግቡ የጫኖ ሙዝ ብቻ ነበር። ድክመቱ ምስጥ ነበር፤ ምክንያቱም ቤቱን ያሳዩን አባት፣ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ እያጠረ እንደሚሄድ ነግረውን ነበር። "ድክመት የሌለው አውሬ ጨዋታ ሳይሆን ቅጣት ነው" እያልኩ ለሁለቱም ስሰብክ የኖርኩት እኔው ነኝ።

አንድ ቀን ታዲያ መሃንዲሱ መንገድ ላይ አስቆመኝና፣ "የጓደኛሽ ፍራሽ ደህና ነው? ልትሸጥልኝ ነው" አለኝ።

"ምን ሆና ነው ፍራሿን የምትሸጠው?"

"አልነገረችሽም እንዴ? ሐዋሳ ሥራ አግኝታ የለ!"

ክው አልኩ። በአንድ ግቢ እያደርን፣ ከአንድ ትሪ እየበላን፣ እኔ ከፍራሽ ገዢ ልስማ? ሄጄ አልጠየቅኳትም። ኩራቴ የት ሄዶ! ቤት ገባሁና ዳይኖሰሬን እንደገና መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥርስ ጨመርኩለት። በማግስቱ ሙዙን ከልክዬ ሥጋ አስለመድኩት። ከዚያ ጅራቱ ላይ እሾህ አበቀልኩ። እሷ ማታ ማታ በሬን እያንኳኳች "እራት በላሽ?" ስትለኝ፣ "በላሁ!" ብዬ እመልሳትና እሾሁን በአንድ ክንድ አስረዝመዋለሁ። በመጨረሻም ምስጡን ሰረዝኩት።

እሁድ ደረሰና ጎጆ-ጀርባን ለቀቅኩት። መሃንዲሱ ጦር ወረወረ፤ ቆዳው አላስገባም። እሷ ሥዕሉን አይታ ከልቧ ሳቀች። "ይሄማ የዶርዜው ቤት ነው! ምስጥ እለቅበታለሁ" አለች።

"ምስጥ አይነካውም።"

"እንዴ! እሺ ጉድጓድ ልቆፍርለት።"

"ይዘለዋል።"

"ልሽሽ በቃ።"

"ከአንቺ ይፈጥናል።"

መሃንዲሱ ቆርኪውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና፣ "ታዲያ ምን እናድርግ፣ እንሙትልሽ?" አለ። እሷ ግን ዓይኗን ከሥዕሉ አንሥታ አየችኝ። ነገሩ ያኔ የገባት ይመስለኛል። ተነሥታ ቧንቧው አጠገብ ሄደች፣ እርጥብ ሣር ነቅላ መጣችና በአውሬዬና በጀግናዋ መሃል አስቀመጠችው። ከዚያ መሬት ላይ ተንበረከከች።

እኛ ጋሞዎች ጋ ሰው ሲጣላ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሃል ላይ ይንበረከካሉ። አንድ ጊዜ ጫኖ አብረን ሄደን፣ በመስኖ ውሃ የተጣሉ ወንድማማቾች ዱላቸውን እንደያዙ ሣሩ ፊት ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይተናል። "ረግጠውት ቢያልፉስ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር ያን ቀን። "አያልፉም።" "ቢያልፉስ?" "አያልፉም አልኩሽ እኮ!"

"ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው አሉ!" አለ መሃንዲሱ እየሳቀ። "አውሬ ሣር ምን ያውቃል? ረግጦት ቢያልፍስ?"

"አያልፍም" አለች፣ ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል።

እናቴ ከበሩ ብቅ አለች። በሽማግሌ ሥራ ቀለዳችሁ ብላ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊታችንን ስታይ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ሣር ተቀምጧል። ምን ትጠብቂያለሽ?"

ጎጆ-ጀርባ ቆመ። ምን ያድርግ! እኔ የጋሞ ልጅ ነኝ፣ እሱ ደግሞ የኔ ልጅ ነው።

"ለሱ ነግረሽ ለኔ ትደብቂያለሽ?" አልኳት። እንባዬ ቀደመኝ።

"ለሱ ስነግረው አላለቀስኩማ! በየማታው በርሽን አንኳኩቼ 'እራት በላሽ?' ብዬ የምመለሰው፣ እውነት ስለ እራት መስሎሽ ነው?"

ተቃቅፈን ተላቀስን። መሃንዲሱ ትንሽ ታገሰንና፣ "ፍራሹስ?" አለ።

የምትሄድበት ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ጠባዬን እስካሁን ሳታውቁት አትቀሩም። ሚኒባሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ከመንገዱ ዳር ሣር ነጨሁና ጎማው ፊት አስቀመጥኩ። ላስቃት ብዬ ነው፤ እሷም በመስኮቱ ብቅ ብላ ሳቀች። ሹፌሩ ግን ሞተሩን አጠፋ። ጎልማሳ የጋሞ ሰው ነበር። ወርዶ ሣሩን አየና፣ "ማን ከማን ተጣልቶ ነው?" አለኝ።

"ማንም አልተጣላም ጋሼ። ጨዋታ ነው።"

ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ረዳቱም "እንሂድ እንጂ!" አለ። ሹፌሩ ንቅንቅ አላለም።

"እኔ ሣር ረግጬ አልሄድም። ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ካነሣሽው እንሄዳለን፤ ካላነሣሽው እዚሁ ነን።"

መስኮቱ ጋ ቀና ብዬ አየኋት። መሳቋን አቁማለች። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ "እዚሁ እንሁን" ልለው ነበር።

ጎንበስ ብዬ አነሣሁት።