«አለኝ» የተባለው ውሻ

ካሳነሽ ባሏን በቀበረችበት ዓመት ከአጥር ጎረቤቷ ከስመኝ ጋር ተጣላች። የጠቡ መነሻ አንድ እንሰት ነበር፤ ቅጠሉ ወደ ማን ግቢ እንዳዘመመ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። የሚታወሰው ስመኝ በመጨረሻ የተናገረችው ነው።

«ለመሆኑ አንቺ ማን አለሽና ነው?» አለቻት፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ።

ካሳነሽ ልጅ አልወለደችም። ዘመዶቿ ሩቅ አገር ናቸው፤ ባሏ ለመንገድ ሥራ ሲመጣ ዲላ ይዟት መጥቶ፣ ብቻዋን ትቷት ሞተ። ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች።

ብዙም ሳይቆይ ከወናጎ ገበያ አንድ ቡችላ በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣች። ስሙን «አለኝ» አለችው።

ለሰው ፊት ለፊት ያልተነገረን ነገር በውሻ ስም መናገር የአገር ልማድ ነውና ነገሩ ሰፈሩን ወዲያው ገባው። ስመኝ ብቅ ባለች ቁጥር ካሳነሽ ደጃፏ ላይ ቆማ «አለኝ! ና አለኝ!» ትላለች። ድምጿ ይሻክራል፤ ዓይኗ ከአጥሩ አይነሳም። ቡችላውም ዓይኗን ተከትሎ ወደ አጥሩ ይጮሃል። ትንሽ ሲያድግ፣ ታስሮ የዋለ ውሻ ኃይለኛ ይሆናል ሲሏት፣ በሩ አጠገብ ባጭር ሰንሰለት አሰረችው። ሚጥሚጣ አብይው ያሏትን ግን እሺ አላለችም።

ከጊዜ በኋላ ስመኝ ቤቷን ሸጣ ይርጋጨፌ ሄደች። ጠቡም አብሯት ሄደ። ለውሻው ግን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ስመኝ ሆነ።

ካሳነሽ ቀኑን አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ትውላለች። ጥቁሩን ከደህናው እየለየች፣ ካጠገቧ ከምትቀመጠው ከሀዲጃ ጋር ታወራለች። ከዚያ ወጥታ እስኪነጋ ድረስ የሚያናግራት ሰው የለም። «ብቅ በሉ እንጂ» ስትል ሰዎቹ «ውሻሽን ፈርተን እኮ ነው» ይሏታል።

በ1960 ክረምት የተከራየችው ቤት ባለቤት አቶ ፈለቀ የሚያፈሰውን ጣሪያ ለማየት መጣ። ካሳነሽ በሩ ላይ ስታየው ደነገጠችና «አለኝ! ተው አለኝ!» ብላ ጮኸች። ውሻው ሰንሰለቱን በጥሶ ባቱን ያዘው።

አቶ ፈለቀ እግሩን በመሐረብ እያሰረ፣ «እስከ መስቀል አስወግጂው» አላት። «አለዚያ ዘበኛዬ በጥይት ይጥለዋል።»

«ተው ብዬው ነበር እኮ፣ ጌታዬ።»

«እኔማ ሰምቻለሁ። አልሰማም ያለው እሱ ነው።»

ይህን ለሀዲጃ ነገረቻት። ሀዲጃ ውሻ አትቀርብም፤ ምራቁ ከነካት ለሶላት ልብሷን ማጠብ አለባት። ያም ሆኖ ከሥራ መልስ መጥታ ከአጥሩ ውጭ ራቅ ብላ ቆመች።

«እስቲ ጥሪው።»

«አለኝ!»

ውሻው ተስፈንጥሮ ተነሳ። የማጅራቱ ጠጉር ቆመ፤ ጥርሱን ለሀዲጃ አገጠጠ።

«ምግብ ስትሰጪውስ ምን ትይዋለሽ?»

ካሳነሽ አሰበች። ምግብ ስትሰጠው ምንም አትለውም። ስሙን የምትጠራው ሰው ሲመጣ ብቻ ነበር።

«እንግዲያው ስሙ መሆኑን አያውቅም» አለች ሀዲጃ። «‹ያዘው› ያልሽው ነው የሚመስለው።»

ካሳነሽ ሳቅ አላት፤ ወዲያው ግን ተወችው። «እኔ እኮ ስመኝን ነበር የምናገራት» አለች።

«ስመኝ ይርጋጨፌ ሆና ምኑን ትሰማሻለች፣ እህቴ?»

በማግስቱ ውሻውን ከበሩ አንስታ፣ መንገዱ ከማይታይበት ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር በረጅም ገመድ አሰረችው። ምግቡን ስታቀርብለት ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠራው ጀመር። ሀዲጃ ከሥራ መልስ እየመጣች ከሩቅ ትቆማለች፤ ውሻውን ትኩር ብላ አታየውም። እሱ አይቷት ዝም ሲል ካሳነሽ ቀስ ብላ «አለኝ» ትልና ቁራሽ ቆጮ ትወረውርለታለች። ጠጉሩ ከቆመ ሀዲጃ ወደ ኋላ ትላለች።

«ካስነካሽኝ ልብሴን የምታጥቢው አንቺ ነሽ» ትላታለች።

አንድ ቀን መንገደኛ በጓሮው አጥር በኩል ድንጋይ ወረወረበትና ያ ሁሉ ልፋት ፈረሰ። ሀዲጃ እንደገና ከአጥሩ ውጭ ከመቆም ጀመረች።

በመስቀል ዋዜማ አቶ ፈለቀ ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛ አስከትሎ መጣ። ወደ ጓሮ ዞሩ። ያ የድሮው ጩኸት የካሳነሽ ጉሮሮ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው።

«አለኝ» አለች፣ የታመመ ሰው ባለበት ቤት እንደሚወራው ዝቅ ባለ ድምፅ።

ውሻው አቶ ፈለቀን አየ፤ ትንሽ አጉረመረመ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ እጇን አሸተተና እግሯ ሥር ተኛ።

አቶ ፈለቀ ዘበኛውን በእጁ ወደ ኋላ መለሰው። «ይቅር በቃ» አለ። «ከገመዱ ግን እንዳይፈታ።»

በመስቀል ዕለት ካሳነሽ በሩን ከፍታ ግቢውን ጠረገች፤ ሣር ጎዘጎዘች። ስንት ዓመት ሰው የማይመጣላት በውሻው ምክንያት ይመስላት ነበር። ሀዲጃ ብቅ ብላ ጥቂት ቆየችና ልጆቿ ጋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ ኮቴ ሲሰማ ውሻው ከጓሮ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ እሷም ቀና ትላለች። ኮቴው ወደ ሌላ ሰው ቤት ያልፋል።

ሲመሽ በሩን ዘጋች። ቆጮውን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደችና ስሙን ጠራችው። ከአጥሩ ማዶ የሰማት የለም።