ያልረጋው ሻማ

የዚያን ዕለት የሠራሁት ጅልነት ባጭሩ ይህ ነው። በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ብርጭቆ ታቅፌ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ፣ ከቦሌ አራብሳ ላምበረት ድረስ ሄድኩና ሰም የምትሸጥልንን ሴትዮ በደንበኞቿ ፊት «ዘይት ደባልቀሽ ሸጥሽልኝ» ብዬ መጣሁ። ሴትዮዋ አልደባለቀችም። የደባለቀው ሌላ ሰው ነው። ያን ሰው ፍለጋ ደግሞ ያን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ መስታወት ፊት መቆም ይበቃ ነበር።

ሻማ ሠሪ የሆንኩት በስተርጅና ነው። ልጄ ቀን ቀን ቢሮ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ሽታ ያለው ሻማ እየሠራች በስልኳ ትሸጣለች። ወሎ ሰፈር የተከራየቻት አንድ ክፍል አልጋዋንና ብርጭቆዎቿን አንድ ላይ አልችልም ስትላት ዕቃው ሁሉ እኛ ኮንዶሚኒየም መጣ። ከዕቃው ኋላ ሥራውም መጣ።

«አባዬ፣ አንተ አፍንጫህ ጥሩ ነው። ሞካሪዬ ሁንልኝ» አለችኝ።

አፍንጫዬ ትልቅ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። ጥሩ ነው ያለኝ ሰው ግን እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ስለዚህ ጠረጠርኩ። ይቺ ልጅ፣ ዳማ ቦታ ውዬ ተጣልቼ እንዳልመጣ ብላ ሥራ ፈጥራልኝ ይሆን? እኔም እሷን በሕፃንነቷ ዝም ለማሰኘት ባዶ ጣሳና ማንኪያ እሰጣት ነበር። የዘራሁትን እያጨድኩ መሰለኝ። ቢሆንም ጣሳውን ተቀበልኩ።

ሰሙ ከአኩሪ አተር የሚወጣ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ስትሰማ አላመነችም። ለእሷ መብራት ማለት ከንብ ሰም የተጠመዘዘ ጧፍ ነው፤ አኩሪ አተር ደግሞ በጾም ወተቱ የሚጠጣ እህል። «ነገ ደግሞ ምስር ይነዳል በሉኝ» ብላ ወጣች። እኔ ግን ለመድኩት። እንደተፋቀ ሳሙና የሚመስለውን ሰም፣ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ትንሽ ድስት አቀልጣለሁ። ትንሽ በረድ ሲልለት የሽቶ ዘይቱን ጨምሬ አማስላለሁ፤ ከዚያ ክር መሀሉ ላይ የቆመበት ብርጭቆ ውስጥ በቀስታ አፈሳለሁ። ሲረጋ ሳምንት ያህል ይቀመጣል፤ ሽታው ከሰሙ ጋር የሚዋደደው ያኔ ነው። ሙከራው ከዚያ ይጀምራል። እለኩሰዋለሁ፣ ወንበር ስቤ ፊቱ እቀመጣለሁ፣ እንደ ፖሊስ አፈጥበታለሁ። የቀለጠው ሰም እስከ ብርጭቆው ዳር ደረሰ ወይስ መሀሉን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀረ? ክሩ አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ ሠራ? ብርጭቆው ጠለሸ? ከዚያ ደረጃው ላይ ወጥቼ እመለሳለሁ፤ ሽታው በር ላይ ይቀበለኛል ወይስ ዝም ይለኛል?

ጎረቤቶቼ በበኩላቸው እኔን ጠረጠሩኝ። አንድ ቀን የግቢው ጥበቃ ጎተት አድርጎኝ፣ «አባባ፣ ከእርስዎ ቤት የሴት ሽቶ ይሸታል እየተባለ ነው። እማማ እያሉ ነው ወይስ ሲወጡ?» አለኝ።

«ሲወጡ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሳል።

ያን ሰሞን ልጄ አንድ ትልቅ ነገር ይዛ ነበር። ወሎ ሰፈር ያለ ሆቴል ለመኝታ ክፍሎቹ ሻማ ከእሷ ሊወስድ አሰበ፤ አስቀድሞ ግን ናሙና አምጪ አላት። ናሙናው ከተወደደ ቢሮውን ትታ በራሷ ሥራ ልትቆም፣ ካልተወደደ ብርጭቆዎቿን ሸጣ አርፋ ልትቀመጥ ወስናለች። «አባዬ፣ እንግዲህ አንተ ላይ ነው የጣልኩት» ብላኝ ሄደች። እንዲህ ያለ አደራ የተጣለበት ሽማግሌ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ደረቱን ይነፋል፣ መነጽሩን ይረሳል። ሁለቱንም አደረግኩ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ባለቤቴ ነጠላዋን ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን ትሄድና ቅዳሴ አስቀድሳ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ትመለሳለች፤ ኩሽናው እስከዚያ የእኔ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ባዶ ዕቃ አይጣልም። የለውዝ ቅቤ ያለቀበት ፕላስቲክ ሁሉ ታጥቦ፣ ከነክዳኑ ተደርድሮ ሁለተኛ ሕይወቱን ይጠብቃል። እኔም የገዛሁትን ሰም ከረጢቱ ስለተቀደደ አቅልጬ በአንዱ ፕላስቲክ ገልብጬው ነበር። ለናሙናው ያን ፕላስቲክ ከቁም ሳጥኑ አወረድኩ፣ አቀለጥኩ፣ ጽጌረዳ ጨመርኩ፣ ብርጭቆዎቹ ላይ አፈሰስኩ፣ መስኮት ሥር ደርድሬ በሥራዬ ኮርቼ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ አልረጋም። ጣቴን ባሳርፍበት ሰመጠ። መልኩም ነጣ ማለት ሲገባው ቢጫ ብጤ ሆኗል። ለኮስኩት፤ ተንጣጣ፣ ክሩ ዘመመ፣ ሰጠመ፣ ጠፋ። አሸተትኩት፤ ጽጌረዳ ነው። ደግሜ አሸተትኩት፤ ጽጌረዳ። በሰሙ ውስጥ ሌላ ሽታም ነበረበት፤ ጥሩው አፍንጫዬ ግን አልነገረኝም።

አዲስ አበባ ያረጀ ሰው መጠርጠርን ማንም አያስተምረውም። በርበሬው ሸክላ አለበት፣ ማሩ ስኳር ነው፣ ቅቤው ውስጥ ሙዝ ገብቷል ሲባል እየሰማን ነው የሸበትነው። እኔም እንግዲህ ሰሙ ዘይት ገብቶበታል አልኩ። አንዴ እንዲህ ካልኩ በኋላ ማስረጃው በራሱ እግር ይመጣ ጀመር። ሴትዮዋ ስትመዝንልኝ ሚዛኑን በጎኗ ከልላው አልነበረም? «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብላ አልጠየቀችኝም? ምን ቆርጧት ነው ስለ ጤናዬ የምትጠይቀው? ደግሞ ስትሸኘኝ ስቃለች። ታክሲው መገናኛ እስኪደርስ ድረስ ሴትዮዋን ከስሼ፣ መስክሬባት፣ ፈርጄባት ጨርሻለሁ።

ሱቋ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ናት፤ ረዳቶቹ የክፍለ ሀገር ከተማ ስም ሲጮሁ ውስጥ ድረስ ይሰማል። ጧፍ በየዓይነቱ ተንጠልጥሏል። ለክርስትና የሚሆን ጧፍ የሚመርጡ ሁለት ሴቶችና አንድ ቄስ ነበሩ።

«እንኳን ደህና መጡ አባቴ! ሻማው እንዴት ሆነልዎ?» አለችኝ።

«የምን ሻማ? ቅባት ነው የሆነው። እንኪ፣ ፀጉርሽን ተቀቢው።»

ጋዜጣውን ገለጥ አድርጋ ብርጭቆውን አየችው። አጋደለችው። የኔ ሥራ እንደ ሾርባ ወደ አንድ ጎን ሄደ።

«እኔ የሸጥኩልዎ ነው ይሄ?»

«ታዲያ ማን ሸጠልኝ? ቄሱ ናቸው?»

«አባቴ፣ እኔ እኮ ታሽጎ እንደመጣ ነው የማወጣው። እጄን አላስገባበትም።»

«ዘይት ደባልቀሽበታል። የልጄ ተስፋ በዚህ ብርጭቆ ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ ዘይት ደባለቅሽበት።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጾም ነው አባቴ፤ ቀስ ይበሉ» አሉ።

«ጾም መሆኑን ለእሷ ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

ከሁለቱ ሴቶች አንደኛዋ መርጣ የያዘችውን የጧፍ እስር ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ጓደኛዋን በዓይኗ ጠቅሳት፣ ተያይዘው ወጡ። ያንን አየሁ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ነጋዴዋ አልጮኸችም። ከጀርባዋ አዲስ ከረጢት አወረደች፣ እኔ ፊት ቀደደችው፣ መዘነችልኝ፤ ይህን ጊዜ ሚዛኑን ወደ እኔ አዙራ። «ይውሰዱት፤ ገንዘብም አልፈልግም። በአባቴ ዕድሜ ካለ ሰው ጋር አልከራከርም» አለች።

ይህም ራሱ አስጠረጠረኝ። ንጹሕ ብትሆን ትሰድበኝ አልነበረም? ሰው ያለ ጥፋቱ ዝም ብሎ ይሰጣል? ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስመለስ፣ አጭበርባሪ ያዝኩ ብዬ ለረዳቱ ሁሉ ልነግረው ምንም አልቀረኝም።

ባለቤቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ሽሮ መሥራት ስትጀምር እኔ ኩሽናው በር ላይ ቆሜ ገድሌን እተርካለሁ።

«እውነትህን ነው? እንዲህ አልካት?» አለች ሽንኩርቱን እያቁላላች።

«በቄስ ፊት።»

«አይ አንተ ሰውዬ» አለችና ከቁም ሳጥኑ ፕላስቲኳን አውርዳ፣ በማንኪያ ዛቅ አድርጋ ድስቱ ውስጥ ጨመረች። ለሽሮው የሚሆን የጾም ቅቤ ነው፤ ከአትክልት የሚሠራውን ገዝታ በኮረሪማና በበሶብላ አንጥራ ታስቀምጠዋለች።

ሽሮው ቀረበ። ወሬዬ ስላላለቀ ሳንጎርስ ትንሽ ቆየን። ዝቅ ብዬ ሳይ የሽሮው ፊት ነጭ ለብሷል። በእንጀራ ነካ አደረግኩት፤ እንጀራው ተንሸራተተ።

«አንቺ፣ ሽሮው ረጋ» አልኳት።

«ምን ሆነ?»

«ረጋ። ክር ብንተክልበት ይበራል።»

መጀመሪያ ድስቱን አየች፣ ቀጥላ ፕላስቲኩን አሸተተች። ምንም አይሸትም። ከዚያ መስኮቱ ሥር ወዳሉት ብርጭቆዎቼ ሄደች። አንዱን አንስታ አፍንጫዋ ሥር ያዘች። በሕይወቴ እንዲያ ረጅም ማሽተት አይቼ አላውቅም።

«ኮረሪማ» አለች። «በሶብላ። የኔ የጾም ቅቤ ነው።» ደግማ አሸተተች። «ጽጌረዳ ደግሞ ማን ጨመረበት?»

ማን እንደጨመረበት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰች ሴት ሽሮዋን ሻማ አድርጌባት፣ ቁጣ ስጠብቅ፣ አዋዜ በጠበጠችና እንጀራ ቆርሳ ተቀመጠች። እንደ ምንም ብዬ፣ «ሴትዮዋስ ብትሆን ማሽተት አትችልም ነበር?» አልኩ።

«አሽቺልኝ አልካት? ፀጉርሽን ተቀቢው ነው ያልካት።»

ልጄ ከቢሮ ስትመጣ ነገሩን እናቷ ነገረቻት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ሳቋን አቆመች፤ የድሮው ሰም የቁሌት ማንኪያ ገብቶበት ተበላሽቷል፣ የቀረው ከላምበረት ያመጣሁት ከረጢት ብቻ ነው፣ ሆቴሉ ደግሞ በሳምንቱ ናሙናውን ይጠብቃል። ዛሬ ካልፈሰሰ አይደርስም።

«አባዬ፣ ይሄን ሰም በምን አመጣኸው?»

«በጩኸት።»

«የሰው ሐቅ ያለበት ሻማ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች ባለቤቴ። «መጀመሪያ ደውል።»

ልጄ የሰም ነጋዴዋን ቁጥር መትታ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፕላስቲኩን፣ ቅቤውን፣ ሽሮውን። ሽሮው ላይ ስደርስ ከወዲያ ማዶ የታፈነ ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ልምጥምጥ ብዬ «ይቅር በይኝ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለች። «ሰሙን ይሥሩበት፤ ሂሳቡን ከልጅዎ ጋር እንጨርሳለን። ግን አባቴ፣ አሁን ያሉኝን ማንም አልሰማም። ያኛውን ያሉኝ በሰው ፊት ነው።»

«እና?»

«እና በሰው ፊት ይመልሱልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ልጄ የዚያኑ ምሽት ሂሳቡን ላከችላት፣ ሰሙንም ራሷ አፈሰሰችው፤ እኔ ብርጭቆ አቀባይ ሆንኩ። ከዚያ ዓይኔን ሸፍና ሁለት ዕቃ አስሸተተችኝ። አንዱ ላቬንደር ነው፣ አንዱ የሽንኩርት ልጣጭ። ሁለቱንም ጽጌረዳ አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ሻማ ሥር ተቀምጦ የዋለ አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ከደነዘዘ በኋላ የሚነግረኝ ያለውን ሳይሆን የጠበቅኩትን ነው። ብቻ አፍንጫዬ ነው ወይስ እኔ ራሴ፣ ይህን እስካሁን እጠረጥራለሁ።

ሞካሪነቱ ለባለቤቴ ተላለፈ። ከቅዳሴ ስትመለስ ንጹሕ አየር ስባ ስለምትመጣ በር ላይ ትቆማለች፣ ትስባለች፣ ትፈርዳለች። ሆቴሉ ላቬንደሩን ወሰደ፤ ጽጌረዳውን መለሰ። ድስቱ ላይ ኮረሪማ ቀርቶ ይሆን ብዬ ጠርጥሬአለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ልጄ የመልቀቂያ ማመልከቻዋን አስገባች። እኔን ብርጭቆ አጣቢ አድርጋ ቀጥራኛለች፤ ይኼኛው የይሉኝታ ሥራ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፣ ብርጭቆ ስሰብር ትቆጣኛለችና።

ላምበረት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሱቁ ባዶ ነበር። «ሰው የለም አባቴ፤ ይቀመጡ፣ ይመጣል» አለችኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጧፍ ስታስር አየሁ። ማንም አልመጣም፤ አውቃ ነው ወይ የምትመልሳቸው ብዬ በሩን ስጠባበቅ ቆይቼ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ሱቁ ጢም ብሏል፤ ቄሱም አሉ፣ ጧፏን መልሳ ያስቀመጠችው ሴትም አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ነጋዴዋ እጇን ባንኮኒው ላይ አሳርፋ፣ «ምን ልስጥዎ?» አለች፣ ዓይኖቿን ሳትነቅል።

«ክር» አልኳት።

ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ሌላስ?»

«ሌላ... ሌላ የለም።»

አሁን ቤታችን ውስጥ ከኔ ቀሪ ዕድሜ የሚረዝም ክር ተቀምጧል። ያለብኝ ዕዳ ግን «ሴትዮዋ አልደባለቀችም» የምትል አንዲት ቃል ናት። እዚህ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ጽፌአታለሁ፤ ላምበረት ላይ ግን ገና አልከፈልኳትም።