ሆዱ የእኔ፣ ምክሩ የቤተሰቡ

ሐኪሟ የበፊቱን ስፌቴን ዳስሳ፣ አልትራሳውንዱን አይታ፣ «በምጥ መሞከር ትችያለሽ፤ ኦፕራሲዮን ይሻለኛል ካልሽም ቀጠሮ እንይዛለን። ምርጫው ያንቺ ነው» ስትለኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። መሞከር ነበር የፈለግሁት። የመጀመሪያ ልጄ በመቀመጫው ስለመጣ በኦፕራሲዮን ወልጄ፣ ሳል በመጣብኝ ቁጥር ሆዴን በትራስ ደግፌ አለቅስ ነበር። ልጄ ሲነጫነጭ አንስቶ የሚያቀብለኝ ሰው እየጠበቅሁ መክረሜ አሁንም ያንገበግበኛል። ሐኪሟ ስጋቱንም አልደበቀችኝም፤ የድሮው ስፌት ሊተረተር ስለሚችል፣ ምጡ ሲጀምር ቤት መቆየት ብሎ ነገር የለም አለች።

ምርጫው የእኔ የነበረው ግን ከአሶሳ ባምባሲ ቤቴ እስክደርስ ብቻ ነው።

ባሌ «አንዴ የተሰፋ ሆድ እንደገና ያምጣል እንዴ? ቀጠሮ ይያዝና እንገላገል!» አለ። እንገላገል ይላል ደግሞ፣ አብሮኝ የሚወልድ ይመስል። አማቴ የወለጋ ሴት ናቸው፤ ተልባ በጥብጠው ከች አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺን ጠጪ። ሸርተት ብሎ ነው የሚወጣው። ቢላ ምን ይሠራል?» እናትና ልጅ በእኔ ሆድ ሲከራከሩ አመሹ። «አንቺስ?» ያለኝ የለም። ተልባውን ጠጣሁት፤ እሱ ቢያንስ ዝም ይላል።

እኔ ቀጠሮ አልያዝኩም። ምጤ አንድ ጠዋት መጣ፤ ወዲያው አሶሳ ገባን። ቀኑን ሙሉ አማጥሁ፣ ደህናም እየሄደ ነበር። አመሻሽ ላይ የፅንሱ የልብ ምት መውረድ ጀመረ። ሐኪሟ አጠገቤ ቁጭ ብላ ያየችውን ነገረችኝና «አሁን ኦፕራሲዮን ይሻላል፤ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ባሌ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እጄን አነሳሁበት።

«በቃ፣ ኦፕራሲዮን አድርጉኝ» አልኩ። ቀኑን ሙሉ ያማጥሁት ከንቱ በመቅረቱ ብናደድም፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ አማቴ ገንፎ ይዘው መጡ። ጎኔ የተኛችው በምጥ የወለደች ጎረቤታችን ነበረች። መጀመሪያ እሷ ላይ ጎንበስ ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት፤ እልልታውንም አቀለጡት። ወደ እኔ ሲዞሩ ድምፃቸው ወረደ።

«እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ።»

ለወባ በሽተኛ የሚባለውን! ያውም ልጄ ደረቴ ላይ ተለጥፋ እየጠባች። ስፌቱ ቢቆነጥጠኝም ቀና አልኩ።

«እማዬ፣ እኔ አልታመምኩም። ወልጃለሁ እኮ፤ ለእኔም እልል በሉልኝ።»