ያልከፈለ አያይም

ባለፈው ዓርብ የሰፈራችን ልጅ ጉሌድ ባጃጁን በራችን ላይ አቁሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሙሽበክ የሚባል ጣፋጭ አቀበለኝ። ለእናቴ ነው። ወንድሜ ናስር ከሞተ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እንዲህ ያደርጋል። ትኩስ ስለነበር ስኳሩ ጋዜጣውን አልፎ ጣቶቼ ላይ ተጣበቀ። ሊሄድ ቁልፉን አዞረና መልሶ አጠፋው።

«ፉአድ፣ ያን ቀን ምን ይዞ ነበር?»

የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ጽሑፍ አልችልበትም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነው ያቆምኩት። ግን ሰፈሩ ስለ ናስር የሚለው ነገር አለ። «ልክ አያውቅም ነበር» ይላሉ። «ያን ቀን በካርታ ባያሸንፍ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር» ይላሉ። ይህን ለእናቴ ለቅሶ ላይ የነገሯት አሉ። ናስር ልክ ያውቅ ነበር። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ግንቦት ነው። የድሬ ግንቦት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብረት በር ያቃጥላል፣ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ በጫማ እንኳ አያስኬድም። ከአስር ሶላት በኋላ ኒም ዛፉ ጥላ ስር ማዳበሪያ አንጥፈን ፖከር እንጫወት ነበር። ናስር ከስልክ ተምሮ ነው ያስተማረን። ሁለት ካርታ በእጅህ ትይዛለህ፣ አምስት ደግሞ ለሁሉም መሬት ላይ ይገለጣል። ከሰባቱ የተሻለውን አምስት ያገናኘ ይበላል። ወይም ሌላውን አስፈርቶ ያስጣለ። በብር አንጫወትም። እናቴ «ብር ካየሁ ካርታውን ከሰል ላይ ነው የምጨምረው» ብላናለች። የምንጫወተው በሮቃ ፍሬ ነበር። እናቴ ሮቃውን ለመጠጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጎምዛዛውን እንጠጣለን፣ ፍሬውን አጥበን እናደርቃለን። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ፍሬ ነው። በወተት ጣሳ እናስቀምጠዋለን። አንዱ ወደ መሃል ሲገፋ ሌላው ያንኑ ያህል ይከፍላል፣ ወይም ካርታውን ይጥላል።

አንድ የሰፈራችን ሕግ ነበረን። መሃል ከተከመረው ፍሬ በላይ መግፋት ነውር ነው። ጨዋታው አይከለክልም፤ እኛ ነን የከለከልነው። ከአንድ ትሪ ሩዝ ስትበላ ሰው ፊት ያለውን እንደ መጉረስ ይቆጠር ነበር። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ማንም አልጠየቀም።

አደር ኢድሪስ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሶማሊኛ የሚችለውም የማይችለውም እንዲያ ይለዋል። ረዳቱ ለቆበት ሰው ይፈልግ ነበር። ናስር መልካ ጀብዱ እየተመላለሰ የሽንኩርት ጆንያ ይጭን ነበር፤ ትከሻው ላይ ቆዳው ተልጦ ማታ እናቴ ቅባት ትቀባዋለች። ባህር ማየት ይፈልጋል። ጉሌድ ደግሞ ከአባቱ ሱቅ መውጣት ይፈልጋል። ሁለቱም አደርን ለመኑት፣ ሁለቱም ጨቀጨቁት።

«ወንበሩ አንድ ነው» አለ አደር። «አንዱን ብመርጥ የሌላው እናት ትቀየመኛለች። ካርታ ላይ አይደል የምትውሉት? ተጫወቱ። ያሸነፈ ነገ ሻንጣውን ይዞ ይምጣ።»

ሁለቱ ተቀመጡ፤ አደርና የሰፈሩ ልጆች ከበቧቸው። አዳዩ እኔ ነበርኩ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ ካርታው ይጣበቅብኝ ነበር።

ብዙ ተጫወቱ፤ አንዱ ሲያገኝ ሌላው ሲያጣ። ከዚያ ያ እጅ መጣ። መጀመሪያ ሦስት ገለጥኩ፤ አንዱ ንጉሥ ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ቀይ ልብ። ጉሌድ ትንሽ ገፋ። ናስር ከፈለ። አራተኛው የማይረባ ካርታ ሆነ። ጉሌድ አሁንም ትንሽ ገፋ፣ ናስር ከፈለ። አምስተኛውን ስገልጥ ሌላ ቀይ ልብ። እንግዲህ በእጁ ሁለት ቀይ ልብ የያዘ ሰው አምስት ሞልቶለታል፤ አንድ ንጉሥ የያዘውን ይበላዋል።

ጉሌድ መሬቱን በጣቱ አንኳኳ። አልገፋም ማለቱ ነው። ናስር ጣሳውን አነሳና መሃል ላይ ገለበጠው። የእሱ ከክምሩ እጥፍ ይሆናል። አንዳንዱ ፍሬ ከማዳበሪያው ተንከባሎ አቧራ ውስጥ ገባ።

«አቦ! ምንድነው ይሄ?» አለ ጉሌድ። «ከክምሩ በላይ ነው!»

«ነው።»

«አይቻልም!»

«ማነው ያለው?»

«ሁሌ እንዲህ ነው!»

«ሁሌ ማንም ስላልገፋ ነዋ።»

«አደር፣ ተመልከት እንጂ ይሄን ባለጌ!»

አደር ጫቱን በጉንጩ አዛወረ። «የገዛ ፍሬው ነው። ካላመንከው ክፈል።»

ቢከፍልና ቢሸነፍ ጉሌድ አንድም ፍሬ አይቀረውም። ወንበሩም ሄደ። ካርታውን አየ፣ ናስርን አየ።

«ዋሪያ ናስር፣ እስቲ ዓይኔን እየኝ።»

«እያየሁህ ነው። ከኋላህ ባህሩ ይታየኛል።»

ሰው ሳቀ። ጉሌድ አልሳቀም። ቆይቶ፣ ቆይቶ ካርታውን ጣለ።

«አሳየኝ በቃ።»

«ያልከፈለ አያይም» አለ ናስር። ይሄም ሕግ ነው። ይሄኛው ግን የጨዋታው ነው።

ከዚያ በኋላ ጉሌድ ልቡ ተሰበረ። መግሪብ ሳይደርስ ፍሬው አለቀ።

ናስር ያን ጊዜ ካርታውን ሲመልስልኝ ለእኔ ብቻ ገለጥ አድርጎ አሳይቶኛል። ወደ ቤት ስንሄድ እንዲህ አለኝ። «ተናዶ የገፋ መሰለህ? ጉሌድ ትልቅ ነገር ሲያገኝ መታገስ አይችልም፣ ወዲያው እስከ ክምሩ ይገፋል። ዛሬ በትንሽ በትንሹ ነው የገፋው። ጥሩ ነገር ይዟል፣ ትልቁን ግን አልያዘም። እኔ ደግሞ ትልቁን ልይዝ እችላለሁ፤ እሱም ያውቃል። ያን ጊዜ ነው ከክምሩ በላይ የሚገፋው። መካከለኛ ነገር ይዘህ እንዳታደርገው፤ የሚበልጥህ ብቻ ነው የሚከፍልህ። ወይ ትልቁን ያዝ፣ ወይ ምንም። ሁለቱንም ደግሞ አንድ ዓይነት አድርገህ ግፋ። ሲኖርህ ብቻ የምትገፋ ከሆነ ማን ይከፍልሃል?»

ሄደ። ባህር አየ። ለእናቴ በፕላስቲክ ጠርሙስ የባህር ውሃ አመጣላት፤ ቀመሰችና ተፋችው። «ለዚህ ነው ልጄን የወሰዱብኝ?» አለች። ስንስቅ ጎረቤት ሰማን። ትከሻው ዳነ። መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ የራሱን መሪ ያዘ። አምና መኪናው ተገለበጠ።

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ እሱን መጻፍ አልችልም።

በዚያ መንገድ ስንቱ ሄዶ ይመለሳል። ከዓመታት በኋላ በመጣ ነገር ያን ቀን የተገፋው ስህተት ነበር ሊባል አይችልም። ናስር በሚያውቀው ልክ ነው የገፋው። ጆንያ ስር ቢቀር ኖሮ ልክ ያውቃል ሊሉት ነበር?

ያን ዓርብ ጉሌድ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ መልስ ይጠብቅ ነበር። «እኔ ንጉሥ ነበር የያዝኩት» አለኝ። «ባልጥለው ኖሮ ወንበሩ የኔ ነበር። መንገዱም። ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ። ምንም አልያዘም ነበር፣ አይደል?»

ምንም አልነበረውም ብዬ ብነግረው፣ የናስርን ሞት ተሸክሞ ይኖራል። ቀይ ልቡ ሞልቶለት ነበር ብዬ ብነግረው፣ ይተኛል። ግን ከዚያ በኋላ ናስር ካርታ ደርሶት ያሸነፈ ሰው ይሆናል እንጂ፣ ማንም ያልገፋውን የገፋ ሰው አይሆንም።

«ያልከፈለ አያይም» አልኩት።

ከዚያ በሽርጡ ጫፍ ፊቱን ጠረገ። «አንተም ባለጌ ነህ» አለ። «ልክ እንደሱ።» ባጃጁን አስነሳ።

እናንተም መጠየቃችሁ አይቀርም። ጣሳው አሁንም ቤት አለ፤ ከአልጋዬ ስር። ሁለቱን ካርታዎች አይቻቸዋለሁ፣ ቁጥራቸውን ከነቀለማቸው አስታውሳለሁ። አልነግራችሁም።