ገመዱ መሃል ድንጋይ ስቀዪበት

ዋና አልችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን የሰማ ሁሉ መጨረሻ ላይ ስለሚጠይቀኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሸራ ጀልባ ላይ ምግብ እያበሰልኩ ስኖር አንድም ቀን ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ዳር፣ ካራ ተወልዶ ያደገ ሰው ውሃ የሚያውቀው በጄሪካን ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚያስጨንቀው ሲጠፋ እንጂ ሲበዛ አይደለም።

ለቤተሰቦቼ ደግሞ ጀልባ ላይ እንደምሠራ አልነገርኳቸውም ነበር። ጅቡቲ ከተማ ሆቴል ውስጥ ወጥ እሠራለሁ ነው ያልኳቸው። ግማሹ እውነት ነው፣ ወጡን እሠራለሁ። አባቴ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ባሕር ስለበላቸው ስደተኞች ግን በሬዲዮ ብዙ ሰምተዋል። እናቴ ገና ቃሉ ሲነሳ ታማትባለች። ስለዚህ ሆቴል አልኩ። እሑድ እሑድ ስደውል አባቴ «ሆቴሉ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ እኔም ወለሉ ከእግሬ ሥር እየተወዛወዘ «ደህና ነው፣ እንግዳ በዝቷል» እላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ይከብድ ነበር።

ጀልባዋ የአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበረች፤ ካፒቴን እያልኩ ነው የምጠራው። ትልልቅ አሳ ማየት የሚፈልጉ እንግዶች ይዘን በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እንዞራለን። እንግዶቹ ሲጠልቁ ወደ ታች እንዲያወርዳቸው ወገባቸው ላይ የእርሳስ ቀበቶ ይታጠቃሉ፤ ያ ከባዱ ብረት፣ ሳሙና ሳሙና እያከለ የተሰካበት። ስንቆም ካፒቴኑ መልህቁን ይጥላል። እኔ ሥራውን የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነው። መልህቅ ባሕር ውስጥ የሚተከል ችካል ነው፣ ጀልባዋ ደግሞ የታሰረች በቅሎ ናት።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ ካፒቴኑ ሁለቱን እንግዶች በላስቲኳ ጀልባ ይዞ ኮረብታ ሊያሳያቸው ወደ ዳር ወጣ። እኔ ሰሃን ለማጠብ ቀረሁ። ሰሃኑ ሳያልቅ ነፋስ ተነሳ። ከኋላችን፣ ከመንገድ ማዶ እንደሚታይ ጎረቤት ቅርብ፣ ጥቁር የባሕር ድንጋይ አለ። ማዕበሉ እሱ ላይ እየተሰበረ ነጭ ይሆናል። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች።

እኔ የካራ ልጅ ነኝ፣ ከብት ሲቁነጠነጥ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ገመዱን ማሳጠርና ማጥበቅ ነው። እኛ ዘንድ የጎረቤት ገብስ አንድ እርምጃ ላይ ነው ያለው፤ ገመድ ያስረዘመ ሰው ማታውኑ ሽማግሌ ፊት ነው። ስለዚህ ወደ ፊት ሄጄ በእጅ የሚዞረውን የብረት መጠቅለያ እያዞርኩ የመልህቁን ገመድ ሳብኩት። ሳብኩት፣ ሳብኩት፣ ቀጥ አለ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ በራሴ ኮራሁ።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። ጀልባዋ መመንጨቅ ጀመረች። አፍንጫዋ ወደ ላይ ይወጣና ገመዱ ግጭ አድርጎ ይመልሳታል፤ በእያንዳንዱ መመንጨቅ ከታች የሆነ ነገር ሲንቋቋ በእግሬ ይሰማኛል። ዳር ላይ አንድ ብቻውን የቆመ ግራር ነበር። ሰሃን ሳጥብ በወጥ ቤቱ መስኮት መሃል ለመሃል ነበር የሚታየኝ። አሁን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ደርሷል። ዛፍ አይሄድም። የምንሄደው እኛ ነን፣ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ።

ካፒቴኑ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ ጠራ። ረስቶት ነው የወጣው። ዳር ላይ ሆኖ እጁን ሲያወናጭፍ ይታየኛል፤ ትንሿን ጀልባ ገፍቶ ገብቶ ነበር፣ ማዕበሉ መልሶ አሸዋ ላይ ጣለው። ያን ጊዜ ነው አባቴ ጋ የደወልኩት። እርዳታ ፈልጌ አይደለም። ካራ ያለ ሰው ባሕር ላይ ላለ ሰው ምን ያደርግለታል? ይቅርታ ልጠይቅ ነበር።

«አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ምን ሆንሽ?»

«ሆቴል አይደለሁም። ባሕር ላይ፣ ጀልባ ውስጥ ነኝ። ብቻዬን ነኝ። ነፋሱ ወደ ድንጋይ እየወሰደኝ ነው።»

በእሳቸውም በኩል ነፋስ ይሰማል፤ የጓሮው ባሕር ዛፍ ይጮሃል። ቁጣ ወይ ለቅሶ ጠበቅኩ።

«ታስሯል ወይስ አልታሰረም?» አሉ።

«ምኑ?»

«ጀልባው ነዋ!»

«ታስሯል። ታች ብረት ተጥሏል።»

«ገመዱስ? አጭር ነው ረጅም?»

«አሳጠርኩት።»

«ማን አሳጥሪ አለሽ!» አሁን ተቆጡ። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች! አንቺ ላይ ነሽ፣ ችካሉ ታች ነው። አጭር ገመድ ወደ ላይ ነው የሚስበው፤ ይነቅለዋል። ልቀቂለት። በአንዴ ግን እንዳትለቂው፣ እጅሽን ይዞት ይሄዳል። ግንድ ላይ አዙሪውና ቀስ እያልሽ።»

አባቴ በጉብዝናቸው ጊዜ እንጦጦ ላይ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በገመድ ወደ ታች ያወርዱ ነበር። ገመዱን የቆመ ዛፍ ላይ ሁለቴ ያዞሩትና ግንዱን በገደሉ ላይ ስንዝር በስንዝር ይለቁታል። ስልኩን እንደ ገበያ ሴት ሻሼ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ሸጎጥኩትና እጄን ነጻ አደረግኩ። የጀልባዋ ጫፍ ላይ አጭር የብረት ምሰሶ አለ። ገመዱን እሱ ላይ አዙሬ ስንዝር በስንዝር ለቀቅኩት።

«አሁንስ?» አሉ።

«ትንሽ ተሻላት። ግን አሁንም ትመነጭቃለች።»

«ዳለቻዋን በቅሎ ታስታውሻለሽ? ያቺን ችካል ነቃይዋን?»

በዚህ ሰዓት ስለ በቅሎ! «አዎ» አልኩ፣ ልጅ ሳለሁ የተሸጠች ናት።

«ገመዱ መሃል ድንጋይ ስቀዪበት። ስትመነጭቅ መጀመሪያ ድንጋዩን ነው የምታነሳው። እሱን አንስታ ሳትጨርስ ይደክማታል። ችካሉ አይሰማውም።»

«ባሕር ላይ ድንጋይ ከየት አመጣለሁ!»

«ከባድ ነገር የሌለው ቤት የለም። ፈልጊ!»

ዞር ስል የጠላቂዎቹ ቀበቶ የተከመረበት ሳጥን አየሁ። አንድ ቀበቶ ማንሳት ራሱ ወገብ ይፈትናል። እየተመላለስኩ ስድስቱን ጀልባዋ አፍንጫ ላይ አደረስኩ። ሽንኩርት የመጣበት ጆንያ ነበረኝ፣ ሽንኩርቱም ጆንያውም ካገራችን የመጣ። ሁለት ጆንያ ደርቤ እርሳሱን ከተትኩበት፣ አፉን አሰርኩ፣ በሚከፈት የብረት ቀለበት መልህቁ ገመድ ላይ አንጠለጠልኩት። ቀለበቱ ላይ ቀጭን ሲባጎ አስሬ፣ ጆንያውን በገመዱ ላይ እያንሸራተትኩ ግማሽ መንገድ ድረስ ወደ ታች ለቀቅኩት። ውሃው ዋጠው።

ቀጣዩ ማዕበል መጣ። አፍንጫዋ ተነሳ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ግጭቱ ግን አልመጣም። ገመዱ ቀስ ብሎ ተወጠረ፣ ከታች ያለውን ከባድ ነገር እያነሳ ተወጠረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ረገበ። ጀልባዋ ጎንበስ አለች። ሌላ ማዕበል፣ እንደዚያው። ሲንቋቋ የነበረው ነገር ዝም አለ።

«ዛፍ ይታይሻል?» አሉ አባቴ። ስለ ግራሩ ነግሬያቸው አላውቅም፤ እንጨት ሲያወርድ የኖረ ሰው ምልክት መያዝ ያውቃል።

«አንድ ግራር አለ።»

«እሱን እያየሽ ቆዪ።»

ወጥ ቤት ገብቼ መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላወራንም። ትንሽ ይቆዩና «ዛፉ?» ይሉኛል። «አለ» እላለሁ። ትንሽ ቆይተው «ዛፉ?» «አለ፣ አባዬ።» ስልኬ እስኪዘጋ ድረስ እንዲህ ቆየን። ዛፉ ከመስኮቱ ጠርዝ ፈቀቅ አላለም። ያን ጊዜ ነው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት፤ ከደስታ ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

ወደ አመሻሹ ነፋሱ ሲረግብ ካፒቴኑ እንግዶቹን ይዞ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ረጥቦ መጣ። መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ገመዱን። ሲባጎውን ስቦ የሽንኩርት ጆንያውን ሲያወጣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህንን መርከበኞች ከጥንት ጀምሮ እንደሚያደርጉት ነገረኝ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ክብደትም ከሸራዎቹ ሥር ጎትቶ አሳየኝ፤ ቀለሙ እንኳ አልተነካም። ማን አስተማረሽ አለኝ፤ አባቴ አልኩት። መርከበኛ ነው ወይ ሲለኝ አይ፣ በቅሎ ነበራቸው አልኩ።

የሥራው ወቅት ሲያልቅ አገሬ ገባሁ፣ አልተመለስኩም። በመጣሁ በመጀመሪያው እሑድ ካራ ተሰብስበን ምሳ ስንበላ ታሪኩን ለእናቴ አንድ በአንድ ነገርኳት። አባቴ ዓይናቸውን ከሰሃኑ አላነሱም። ስለ ዳለቻዋ በቅሎና ስለ ድንጋዩ ስደርስ የእናቴ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቆመ።

«የትኛዋ በቅሎ?»

«ዳለቻዋ። ድንጋይ የተሰቀለባት።»

እናቴ ሳቀች። ዕንባዋን በነጠላዋ እስክትጠርግ ሳቀች። «ያቺማ ችካሉንም ድንጋዩንም ይዛ ነው የጠፋችው! ሰው ገብስ ውስጥ ነው ያገኘናት። የተሸጠችው በዚሁ አይደል እንዴ!»

አባቴን አየኋቸው። እንጀራውን ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል።

«ቆይ፣ ያልሽው ቀን» አለች እናቴ፣ ሳቁ እየጠፋባት። «የወሩ መጀመሪያ ነበር፣ እኔ እንጦጦ ራጉኤል ውዬ ስመለስ አባትሽን ጓሮ፣ የላሟ ችካል አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ተነሱ ብላቸው እግሬ እምቢ አለኝ አሉ። ደግፌ ነው ያስገባኋቸው። ምን ሆኑ ስላቸው ምንም፣ ደከመኝ ብቻ።»

ስልክ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ግን በቅሎ የሚያበርድ ሰው ድምፅ ነበር። አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

«አባዬ» አልኳቸው፣ «ድንጋዩ እንዳልሠራ እያወቁ ነው?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?» አሉ። «ቁጭ ብለሽ አልቅሺ ልበልሽ? እጅሽ ሥራ ይፈልግ ነበር።» እንጀራውን አጥፈው ደግሞ ጨመሩ፦ «ጀልባ ደግሞ እንደ በቅሎ ተንኮል የላትም ብዬ ነው።»

አሁን የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። መሃል ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት እቆማለሁ፣ መንገዱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በሩን ከፍቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ይጠራል። አባቴ ናቸው። እንደምን ዋልሽ አይሉም።

«ዛፉ?» ይሉኛል።

«አለ» እላለሁ፤ ይዘጉታል።